የመውጫው መዝገብ

[የካልሲ ፋብሪካ በር። የጽዳት ሠራተኛዋ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ቆማለች። ዘበኛው የመውጫ መዝገቡን በክርኑ ተጭኖ ተቀምጧል። ደወሉ ሊደወል ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል።]

ዘበኛው፦ አልኩሽ እኮ። ያለ በቂ ምክንያት ከደወል በፊት ዝንብም አትወጣም።

ጽዳቷ፦ ጋሼ፣ የጎልማሶች ትምህርት ፈተና አለብኝ። ዛሬ የቀረ ከክፍሉ ይሰረዛል ተብሏል። የሰባት ወር ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።

ዘበኛው፦ በአርባ ስድስት ዓመትሽ ፊደል ምን ያደርግልሻል? ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?

ጽዳቷ፦ የሳሙናውንና የበረኪናውን ጠርሙስ እለይበታለሁ።

ዘበኛው፦ አሽትተሽ አትለዪም?

ጽዳቷ፦ ሳሸት አይደል የኖርኩት። አሁን ጽጌረዳም በረኪና በረኪና ይለኛል።

ዘበኛው፦ ሌላስ?

ጽዳቷ፦ አውቶቡስ።

ዘበኛው፦ ሰው መጠየቅ ነዋ።

ጽዳቷ፦ ጠየቅኩ። ሰውየውም ማንበብ አይችልም ኖሯል፤ ተያይዘን መጨረሻው ፌርማታ ደረስን።

ዘበኛው፦ ቢያንስ ብቻሽን አልጠፋሽም። በቂ ምክንያት አይደለም።

ጽዳቷ፦ [ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች] ባሌ የተቀበረበት ቦታ ሁለት ነጭ ድንጋይ ጎን ለጎን አለ። በግምት አንዱን መርጬ ሁለት ዓመት አበባ ሳስቀምጥ ኖርኩ። ባለፈው ወር ባነበው፣ የሌላ ሰው ስም ነው።

ዘበኛው፦ ባልሽስ?

ጽዳቷ፦ አጠገቡ። ለጎረቤቱ ሳለቅስ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ኖሯል።

ዘበኛው፦ አኩርፎ ይሆናል።

ጽዳቷ፦ ድሮም አኩራፊ ነበር።

ዘበኛው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] በይ እንግዲህ ምክንያትሽን ጻፊና ውጪ። አሳጥሪው፤ ረጅም ጽሑፍ ዓይኔን ያመኛል።

[መዝገቡን ዘቅዝቆ ይሰጣታል። እሷ አቃንታ ትይዘዋለች። ከመጻፏ በፊት ከላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።]

ጽዳቷ፦ ጋሼ፣ ትናንት ከደወል በፊት የወጣው ማነው?

ዘበኛው፦ መካኒኩ። አክስቱ ሞታበት። እየተንሰቀሰቀ ነው የጻፈው፤ እኔም አብሬው አልቅሼ በሩን ከፈትኩለት።

ጽዳቷ፦ እዚህ ግን... "ኳ...ስ ላ...ይ።" ኳስ ሊያይ ነው የወጣው።

ዘበኛው፦ አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፤ ተሳስተሽ ይሆናል። ከሱ በላይ ያለውን እስቲ።

ጽዳቷ፦ "እንቅልፌ መጣ።"

ዘበኛው፦ እሷ ነፍሰ ጡሯ ናት፤ ሐኪም ቀጥሯት ነው የወጣችው።

ጽዳቷ፦ እዚህ ደግሞ፣ "ዝም ብዬ ነው። ዘበኛው ጤና ይስጥልኝ።"

ዘበኛው፦ [ቆቡን አውልቆ፣ አይቶት፣ መልሶ አድርጎ] የዚህኛውን እጁን ይዤ አጽናንቼዋለሁ።

ጽዳቷ፦ በየገጹ እንዲህ ነው። ለመሆኑ ይህን በር ስንት ዓመት ጠበቁ?

ዘበኛው፦ አሥራ አንድ። ስሚ፣ እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ሰው ማመን ስለምወድ ነው።

ጽዳቷ፦ እንደሱ ከሆነ ይመኑኝና ልውጣ።

ዘበኛው፦ ቆይ። ጻፊ። ከስምሽ ሥር "ዘበኛውም አብሯት ወጥቷል" በይ።

ጽዳቷ፦ በሩስ?

ዘበኛው፦ የማታው ተረኛ ደርሷል፤ ያውና ጫማውን እያሰረ። አስተማሪዋ ቁጡ ናት?

ጽዳቷ፦ ለጀማሪ አትቆጣም። ጻፍኩ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።

ዘበኛው፦ [እስክሪብቶውን ይቀበላል። ባዶውን መስመር ያያል፤ እሷን ያያል። እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ይነሣል።] ፊርማውን ስንመለስ።