የእንግሊዝ ወዛደር ለቅሶ በመካነ ሰላም

ሰፊው ሕዝብ በትግሉ ስላስመዘገባቸው ድሎች ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈው የሚበልጠው ደግሞ በስብሰባ ተነግሯል። ይሁን እንጂ በመካነ ሰላም ከተማ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙን በማንጠራው አንድ ቀበሌ፣ አንድ የሳይንስ መምህርና አንድ ጊታር ለዓለም ላብ አደሮች ያበረከቱት አስተዋጽኦ እስካሁን ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ይህ በጣም ቅር የሚያሰኝ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናንሣው።

መምህር አካሉ የመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነው። መሪጌታ በዜማ አዋቂነታቸው እስከ አጅባር ድረስ ስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ከቅኔ ማኅሌት ይልቅ የመምህራን ማሠልጠኛን መረጠ፤ እሱም ሳይበቃው ጊታር ገዛ። ጊታሩን ከአንድ አሮጌ ቴፕና ከአንድ ካሴት ጋር ከደሴ ያመጣለት የጭነት መኪና ሾፌሩ አህመድ ነበር።

«የእንግሊዞች የሮክ ዘፈን ነው፤ ዓለምን ያሳበደ ነው ብለውኛል» አለው አህመድ። ራሱ አልሰማውም። ሾፌር የጫነውን ሁሉ ልቅመስ ቢል መቼ ይደርሳል!

አካሉ እንደ ደህና የቤተ ክህነት ልጅ ሥራውን በሥርዓት ያዘ። በአባቱ ጉባኤ ዜማ ከመምህሩ አፍ እንደ ወረደ ይወሰዳል፤ ከራሱ አንዲት ቅንጣት የጨመረ ተማሪ አለንጋ ይቀምሳል። አካሉም በቴፑ ፊት እግሩን አጥፎ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ዘፈን እየመላለሰ ከነትንፋሹ አጠናው። ከዚያ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ባዶ ካሴት ከትቶ፣ በጊታሩ እየተጫወተና እየዘፈነ ይቀዳዋል። ለአንድ ዘፈን ብሎ ሙሉ ክረምት የፈጀበት ጊዜ አለ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ወደ ቀበሌው ሱቅ የሚመጣው አዲስ የባትሪ ድንጋይ በሙሉ ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ የተመደበ ነው። ድምፅ ማጉያው ለሰፊው ሕዝብ የሚናገር እንደመሆኑ ከሰፊው ሕዝብ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አካሉ የሚደርሰው ድምፅ ማጉያው ጨርሶ የጣለው ድንጋይ ነው፤ እሱኑ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አሙቆ፣ ነፍስ ዘራበት ብሎ ወደ ቴፑ ይመልሰዋል። ቴፑ ታዲያ እንደ በሽተኛ እያዘገመ ይዞራል። በአገራቸው እየዘለሉ የሚጮኹት እንግሊዞች መካነ ሰላም ሲደርሱ ድምፃቸው ወፍሮ፣ ቃላቸው ተጎትቶ፣ መከራቸውን ይናገሩ ጀመር። ይህን እኛ እናውቃለን። ሌላ ሮክ ሰምቶ የማያውቀው አካሉ ግን ሮክ ማለት ይኸው ነው ብሎ ተቀበለ።

«አባዬ፣ እንዴት ሰሙት?» አላቸው አንድ ቀን።

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ዕዝል ነው» አሉ።

«ኧረ ሮክ ነው አባዬ።»

«ዕዝል ነው እልሃለሁ። የጾም ዜማ ነው። ፈረንጅ ጾም አያውቅም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሐሜት ኖሯል ለካ!»

ልጁ በአባቱ ፍርድ ኮራ። ይህን ምርቃት ይዞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁሉ የሚወደውን ዘፈን ሊቀዳ ተቀመጠ። ጥሩ አድርጎ ተጫወተው፤ የመጨረሻዋን ስንኝ ቴፑ እንዳስተማረው እየጎተተ፣ እየተንቀጠቀጠ አወረዳት። ቴፑን እንዳጠፋ የግቢው በር ተበረገደ። ጎረቤታቸው እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው ተከትሏል፤ አንዷማ ንፍሮዋን ከነሰፌዱ ይዛለች።

«ያረብ! መሪጌታ! እኒያ ደግ ሰው!»

«አለሁ» አሉ መሪጌታ ከጓዳ ብቅ ብለው።

አበዛሽ እንባቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለ አካሉ። «ዘፈን ነው። የደስታ ዘፈን።»

«ልጄ፣ ደስታችሁ እንዲህ ከሆነ ኀዘናችሁን ረቢ አያሳየን» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏልና ተበላ።

ወሬው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢተው ዘንድ ለመድረስ ንፍሮው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ጓድ ቢተው በሰል ያሉ መሪ ናቸው፤ ነገሩን ሳይንሳዊ በሆነ ዘዴ ተነተኑት። በዚያ ቤት ሰው አልሞተም። ለቅሶ ግን ተለቅሷል። እንግዲህ የተለቀሰለት ወገን ሊለቀስለት ያልተፈቀደ ነው ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በይፋ የሞተና ለቅሶ ያልተፈቀደለት ደግሞ የፊውዳሉ ሥርዓት ብቻ ነው። ጉዳዩ ከደሴ በቅርቡ ለተመደቡት ወጣት ካድሬ፣ ለጓድ አድማሴ ተመራ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ጊታሩ ይወረሳል፤ ባለጊታሩም ንቃቱ እስኪጎለብት ቀበሌ ውስጥ ይቆያል።

አካሉ ለራሱ አልፈራም ብንል ውሸት ይሆንብናል። አብልጦ የፈራው ግን ለጊታሩ ነው። ሚስት የለው፣ ርስት የለው፤ ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነበር። ጊታሩን ታቅፎ፣ ቴፑን አንጠልጥሎ ኮሚቴው ፊት ቀረበ።

«ጓድ አካሉ፣ የምታለቅሰው ለማን ነው?» አሉ ጓድ አድማሴ፣ ከጥቁር መነጽራቸው ኋላ።

«አላለቅስም፤ እዘፍናለሁ።»

«የማንን ዘፈን?»

«የእንግሊዞችን።»

«ኢምፔሪያሊስት!» ብለው ጓድ ቢተው ከወንበራቸው ተነሡ።

አካሉ ጊታሩን አጥብቆ ታቀፈ። «ዘፋኞቹ... የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው ይባላል።»

ጓድ አድማሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሰማ» አሉ።

ቴፑ አካሉ የቀዳውን ካሴት ይዞ፣ በእነዚያው ፀሐይ በሞቃቸው ድንጋዮች እያቃሰተ ዞረ። ጓድ አድማሴ ዘፈኑ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«‹ነይ እንጨፍር› ነው የሚለው ጓድ።»

«ልብ በሉ ጓዶች!» አሉ ካድሬው ወደ ኮሚቴው ዞረው። «እንጨፍር እያለ እንዲህ የሚያቃስት ሕዝብ ምን ያህል ቢበዘበዝ ነው!»

ጓድ ቢተውም «እኔም ገና ስሰማው ወዛደር ወዛደር ብሎኝ ነበር» ብለው ተቀመጡ። ለእንግሊዝ ወዛደር ሲሉ እንባ የተናነቃቸውም አሉ። በመጨረሻም ካሴቱ በመጪው የአብዮት በዓል በአደባባይ እንዲደመጥ፣ የሰፊውን ሕዝብ ንቃት ካላነሣሣ ግን ጊታሩ እንዲወረስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አካሉ ጊታሩን እንደታቀፈ ወጣ።

በዓሉ ደረሰ። ከየገበሬ ማኅበሩ የተጠራው ሕዝብ አደባባዩን ሞላው። ጓድ አድማሴ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ፤ ሕዝቡም ፀሐዩ ላይ ቆሞ በትዕግሥት ነቃ። «አሁን» አሉ ካድሬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእንግሊዝ ወዛደር በካፒታል ቀንበር ሥር ሲያቃስት ታደምጣላችሁ። ባርኔጣ ይውለቅ! ጥምጥም ያለው ራሱን ዝቅ ያድርግ!»

ጓድ ቢተው በበኩላቸው እንዲህ ያለው ታላቅ በዓል በሞተ ድንጋይ አይከበርም ብለው፣ ከሱቁ አዲስ ድንጋይ ከነማሸጊያው አስመጥተው በገዛ እጃቸው ቴፑ ውስጥ ከተቱ። ድምፅ ማጉያው ተደቀነ። ቴፑ ተጫነ።

ያ በሽተኛ ዘፈን ከአልጋው ተነሣ። ጊታሩ ገሰገሰ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠራ፣ ጮኸ። የሳይንስ መምህሩ አካሉ የሆነው ነገር ወዲያው ገባው፦ በደከመ ድንጋይ ተጎትቶ የተቀዳው ነገር በብርቱ ድንጋይ ሲዞር እንግሊዞቹ በዘፈኑት ልክ ሆኖ ወጣ። አንዲት ቅንጣት አልጨመረም፣ አንዲትም አላጎደለም። የራሱ ጣቶች ናቸው፣ የራሱ ጉሮሮ ነው። እንዲህ የሚጫወት ሰው መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አያውቅም ነበር። ዓለምን ያሳበደው ይኸ ነው ለካ! ደስ ብሎት፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ አለቀሰ።

በአደባባዩ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነው። ሕዝቡ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ጨነቀው። ቀድሞ የከዳው የእትዬ አበዛሽ ትከሻ ነው። ከዚያ ገበሬው በዱላው መሬቱን ይመታ ጀመር፤ ልጃገረዶቹ እልል አሉ፤ አብዮት ጠባቂዎቹ እንኳ መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ትከሻቸውን ይንጡት ጀመር።

«ጓድ» አሉ ጓድ ቢተው ወደ ካድሬው ጆሮ ተጠግተው፣ «ወዛደሩን ምን ነካው?»

ጓድ አድማሴ ለጥቂት ጊዜ ገረጡ። ግን በከንቱ ካድሬ አልሆኑም። ድምፅ ማጉያውን ነጥቀው «ጓዶች!» አሉ። «ከትናንት ወዲህ በእንግሊዝ አገር ያለው ሁኔታ ተለውጧል! ወዛደሩ ሰንሰለቱን በጥሶ ተነሥቷል!»

«ይደገም!» አለ ሕዝቡ። ተደገመ። እንግሊዝ በዚያን ዕለት ስንት ጊዜ ነጻ እንደወጣች ለመናገር ያስቸግራል። ድሉ ወደ ላይ ሪፖርት ተደረገ፤ ከላይ መልስ ስላልመጣም እንደጸደቀ ተቆጠረ።

ንቃቱ በተነሣሣ በማግሥቱ አካሉ ጊታሩን አንግቶ፣ ልቡ ሞልቶ የድሉን ቃል ሊሰማ ቀበሌ ሄደ።

«ጊታሩን አስቀምጥ» አሉት ጓድ ቢተው።

«እንዴት? ካልተሳካ ይወረሳል አልነበር የተባለው?»

«አዎ፤ ካልተሳካ ይወረሳል። ተሳካ፤ የሕዝብ ይሆናል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የተወረሰ ንብረት ውርደት አለበት። ያንተ ግን አንድ አገር ነጻ ያወጣ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዴት በግለሰብ እጅ ይቀራል? ደስ ይበልህ እንጂ!»

ጓድ ቢተው ጨብጠውት አጨበጨቡለት። አካሉ ደስ አላለውም። ቤቱ ገብቶ እህል አልቀምስም ብሎ ተኛ። መሪጌታ አጠገቡ ተቀምጠው «አብሽር ልጄ» አሉት። ከሰፈሩም እውነተኛ ለቅሶ በመጣበት ጊዜ ንፍሮ ይዞ የመጣ አንድ ሰው አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ አንድ አብዮት ጠባቂ መንገድ ላይ አስቆመው።

«ና፣ ሕዝቡ ይፈልግሃል።»

አካሉ ወደ አደባባዩ ሊያቀና ሲል አብዮት ጠባቂው በክርኑ መለሰው። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤትም አልፈው ሄዱ። ከገበያው ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ገብተው፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ደጅ ላይ አብዮት ጠባቂው አንኳኳና ዞር አለ።

ጓድ አድማሴ ያለ ቆብ፣ ያለ መነጽር፣ በካልሲያቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጊታሩ ጭናቸው ላይ ነው። የጣቶቻቸው ጫፍ ቀልቷል።

«ግባ፤ በሩን ዝጋው» አሉት ቀስ ብለው።

አካሉ በሩን ዘግቶ ክፍሉን በዐይኑ ቃኘው። «ጓድ፣ ሕዝቡ ይፈልግሃል ተብዬ ነበር።»

ካድሬው ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም። ጊታሩን አቅፈው እንደያዙ የመጀመሪያዋን ክር በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ይህችን ክር» አሉት፣ «ሕዝቡ ቢያጠብቃት፣ ቢያላላት፣ አልቃኝ አለችው።»