ጋሼ ተሰማ ሻኛ ያገኙ ዕለት

ሰው ያለ ሹመት መኖር አይችልም። በተለይ አገር የለወጠ ሰው፣ ሹመቱ ባነሰች ቁጥር አጥብቆ ይይዛታል። አንዱ የዕድር ጸሐፊ ነው፤ ሌላው በየሠርጉ ለፎቶ ሰው አሰላፊ ነው፤ እርስዎም የሆነች ነገር ሳይዙ አይቀሩም። ጋሼ ተሰማ ደግሞ የቅርጫችን በሬ መራጭ ነበሩ።

ቅርጫው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የተሰባሰብን ቤተሰቦች ነን። ፋሲካ ሲቃረብ ሜሪላንድ ገጠር ወዳለ እርሻ እንሄዳለን፤ እኛ አጥሩን ተደግፈን ስንቆም ጋሼ ብቻቸውን ይገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው የበሬውን ሻኛ ጨበጥ ያደርጋሉ። የዚያ እርሻ በሬዎች ሻኛ የላቸውም። ይህ ግን ጋሼን አግዷቸው አያውቅም፤ ሻኛው ሊኖርበት ይገባ የነበረውን ቦታ ይጨብጣሉ።

አንድ ፋሲካ ላይ የመረጡት በሬ አልታኘክ አለ። የአሌክሳንድሪያዋ እትዬ አልማዝ “የመኪና ጎማ ነው ያካፈሉን” ብለው፣ ለሚቀጥለው ዓመት መራጭ ይቀየር አሉ። ጋሼ ተቆጡ።

“ሻኛ የሌለው ከብት ሰጥታችሁኝ! እስቲ ሻኛ ያለው አምጡልኝና እዩኝ!”

አምላክ ሰማቸው።

ጂፒኤስ ገና የመኪና መስታወት ላይ በሚለጠፍበት በዚያ ሰመር፣ በእትዬ አልማዝ ቫን ተጭነን ወደ ምዕራብ፣ የዱር ጎሽ ወዳለበት ፓርክ ሄድን። መንገዱ ዳር አንዱ ቆሟል፤ ባይሰን የሚሉት። ጭንቅላቱ ብቻ ፍሪጅ ያህላል። ከጭንቅላቱ በላይ ደግሞ ሻኛ። ምን ሻኛ! ጋሼ ለዓመታት ባዶ ቦታ ሲጨብጡ የኖሩ ሰው ናቸውና የጋቢናውን በር ከፈቱ።

ልጃቸው ሊዲያ የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ አንብባ ጮኸች። “ዳድ፣ ኖ! የሁለት አውቶቡስ ርዝመት ራቁ ይላል!”

“አውቶቡስ የታለ?” አሉና ወረዱ።

በሬ እንደሚቀርቡት ሁሉ በጎን፣ በቀስታ፣ “እሺ አንተ፣ እሺ” እያሉ ተጠጉ። ጎሹ ጅራቱን ሽቅብ አቆመ። እኔ ደስ ያለው መሰለኝ። ለካ ሊመጣ ነው።

“ጉልበቴን” እያሉ ሁለተኛ ፎቅ በሊፍት የሚወጡት ጋሼ ወደ ቫኑ ሲሮጡ ሁለቱንም አውቶቡስ በአንድ ትንፋሽ ጨረሷቸው። እትዬ አልማዝ ከመሪው ሆነው በኮሌታቸው ጎትተው አስገቧቸው፤ በሩን ግን እኛ ሳንደርስበት ጎሹ በግንባሩ ዘጋልን።

ጋሼ ትንፋሻቸው ሲመለስ ኮሌታቸውን አስተካከሉና ፍርዳቸውን ሰጡ።

“አይሆንም። ሥጋው ጠንካራ ነው።”

በቀጣዩ ፋሲካ እርሻው ስንደርስ ጋሼ ከመኪና አልወርድም አሉ። እትዬ አልማዝ “ጋሼ፣ ይኼ ሁለት አውቶቡስ ይሆናል ወይስ ትንሽ ላርቀው?” ብለው ጠየቁ። ጋሼ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርገው “ያ ቀዩ” አሉ።

ሥጋው ቅቤ ሆነ። ቅርጫችን እንዲያ ያለ በልቶ አያውቅም። እትዬ አልማዝ እንኳ ሁለተኛ እያነሱ “መራጭ አይቀየርም” አሉ፤ ሹመቱ ጸና። ታዲያ ጋሼ ያን ሁሉ ዓመት በእጃቸው ምን ሲያረጋግጡ እንደኖሩ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ግን አፌ ሞልቶ ነበር።