ክፉዎቹ ቁም ሣጥን ሲያወጡ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ፍቺውን የሚያውቅ ካለ ለደግ ይፍታልኝ።

ከሕልሙ በፊት ግን አንድ ነገር ላስረዳ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ አንዳችን ታሪክ ይፈጥራል፤ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንሆናለን። ዘንዶ ሊገድል የተነሣ ሰው ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ጠጠር፣ ይወረውራል፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ዘንዶው ይሞታል፣ ትንሽ ከሆነ ሰውዬው ይበላል። ለሚመጣው እሑድ ታሪክ የመፍጠሩ ተራ የእኔ ነበር። ጓደኞቼ ደግሞ ጀግና መሆን ሰልችቶናል አሉ።

"ትርሲት፣ በዚህ ዙር ሁላችንም ክፉዎች እንሁን" አለችኝ ሶስና። "ዓለምን የሚያጠፉ፣ ስማቸው ሲጠራ አገር የሚንቀጠቀጥላቸው!"

ሳምንቱን ሙሉ ክፋት ሳስብ ከረምኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ክፋት አስባለሁ፣ ጥርሴን ስቦርሽ ክፋት አስባለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለካ ክፋትም ተሰጥዖ ይፈልጋል። እንዲህ ተጨንቄ ባለሁበት ነው ሕልሙ የወሰደኝ።

በሕልሜ ከቤት ወጣሁ። በር ላይ ሚኒባስ ታክሲ አየሁና ልሳፈር ስል ከሥሩ ያሉ ሰዎች ጮኹብኝ።

"ምን ታያለሽ? ነይ በዚህ በኩል ያዢ!" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ታክሲውን ተሸክመውት ነበር። እኔም በኋላ ጎማው በኩል ገብቼ ትከሻዬን ሰጠሁ። ጥቂት እንደሄድን ታክሲው ጉሮሮውን ጠረገና "ወራጅ አለ!" አለ። አወረድነው። ምስጋና ሳይሰጠን በሩን ድርግም አድርጎ ፀጉር ቤት ገባ።

ከፀጉር ቤቱ ጎን ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ ካባ የለበሰ ጀግና ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል። ከፊቱ አንዲት ድመት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል።

"ዛፍ ላይ በሰላም በተቀመጥኩበት ያለ ፈቃዴ አውርዶኛል" አለች ድመቷ።

"በድያለሁ" አለ ጀግናው እያለቀሰ። "ሁለተኛ ሰው አላድንም።"

"እኔ ሰው ነኝ?" አለች ድመቷ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ሌላ ድንጋይ ጨመሩበት። እኔ ምስክር እንዳልሆን ፈርቼ ሮጥኩ። ስሮጥ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ "የክፉዎች ማኅበር። በጎ ሐሳብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ተብሎ ተጽፏል። ጥበቃው አህያ ነው። ኮፍያውን በጆሮዎቹ መሐል ደፍቶ አንድ ጅብ ይፈትሻል። ጅቡ እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሏል።

"ጌታዬ፣ የልጆች አባት ነኝ" ይላል ጅቡ።

"ሁልጊዜ የልጆች አባት!" አለ አህያው። "እለፍ፤ ዓይኔ እንዳያይህ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ፣ ምን ይዘሻል?"

"ምንም።"

"በጎ ሐሳብ?"

"የለኝም።"

"ክፉ ሐሳብ?"

"እሱንም ፈልጌ አጥቼ ነው።"

አህያው ወዲያው ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። "ይቅርታ እመቤቴ፣ ከአመራሩ መሆንዎን አላወቅሁም። ፎቅ ይውጡ።"

ፎቅ ላይ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ይጠብቁኛል። እትዬ ደመናሽ የአንድ አገር ክረምት ሙሉውን ሰርቀው በማዳበሪያ ቋጥረዋል፤ ማዳበሪያው ከእግራቸው ሥር ያጉረመርማል፣ በተረከዛቸው ሲመቱት ዝም ይላል። ጋሼ መብረቁ በአንድ ጣታቸው ተራራ ይንዳሉ፤ ስለዚህ ዕቃ እንዳይሰብሩ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ነው የሚቀመጡት። ሻለቃ ቆፈን ደግሞ ከራስ እስከ እግራቸው በረዶ ናቸው።

"አዲሷ ታሪክ ፈጣሪያችን አንቺ ነሽ?" አሉኝ እትዬ ደመናሽ። "የበፊቱ ለሰው መንገድ ሲያሳይ ተይዞ ታሰረ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ምን ያደርጋል።"

ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። እነሱም የሚጫወቱት የእኛኑ ጨዋታ ነው! ልቤ ሞቀ። "በሉ እንግዲህ" አልኩ፣ "ዓለምን የምታጠፉበትን ታሪክ..."

ሦስቱም በአንድ ጊዜ አዛጉ።

"ልጄ፣ እሱ እኮ ሥራችን ነው" አሉ ጋሼ መብረቁ። "ሰው በዕረፍት ቀኑ ሥራውን ይጫወታል?"

"ታዲያ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?"

ተያዩ። ሻለቃ ቆፈን አንገታቸውን ደፉ፤ ከአገጫቸው አንድ የበረዶ ስባሪ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

"ተራ ሰው" አሉ በቀስታ። "ጎረቤት ያለው።"

ቀላል መስሎኝ ነበር። "እሺ። ሦስታችሁም ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሩት፤ አምስተኛ ፎቅ። ውሃ ጠፍቷል።"

"ማን ሰረቀው?" አሉ እትዬ ደመናሽ፣ እንደ ባለሙያ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው።

"ማንም።"

"መቼም አንድ ክፉ ሰው ይኖራል።"

"የለም። ዝም ብሎ ነው የጠፋው።"

"ያለ ዓላማ?" አሉ ጋሼ መብረቁ። "ሰው እንዲፈራ እንኳ ሳይሆን?"

"ኧረ እንዲያውም ይመጣል፣ ጠብቁ እየተባለ ነው።"

ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ክረምት ሳይመታ ራሱ ዝም አለ። ሻለቃ ቆፈን መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። "ይሄ ጭካኔ ነው" አሉ። "ለጀማሪ የሚሆን ስጪን።"

"እሺ፣ አዲስ ሙሽራ ጎረቤት አለቻችሁ። ቁም ሣጥን ገዝታለች። ወደ ቤቷ አውጡላት።"

ሳቁ። ቁም ሣጥን! ተራራ የናደ ሰው ቁም ሣጥን ያቅተዋል? ጋሼ መብረቁ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አውጥተው ዳይሱን በጥንቃቄ አነሡና ወረወሩት። ዳይሱ አየር ላይ ቆመ፤ አንድ በአንድ አየንና እሱ እኛን ወረወረን።

ያረፍነው ደረጃ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ በላያችን ነው፤ ባለ ሦስት በር፣ ባለ መስታወት። እኔ ከታች በጀርባዬ ደግፌያለሁ። የአንዳቸውም ኃይል አብሮ አልመጣም። ጋሼ መብረቁ ጣታቸውን ቀሰሩበት፤ ቁም ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጭራሽ ተቀረቀረ።

"አዙሩት!" አሉ ሻለቃው ከላይ።

"ወደየት?" አሉ ጋሼ መብረቁ።

"ወደ ግራ!"

"በማን ግራ? የእርስዎ ግራ የእኔ ቀኝ ነው!"

"እንግዲያው ወደ ቀኝ!"

"እግሬን! እግሬን!" አሉ እትዬ ደመናሽ። "ግደሉት፣ ምን ትጠብቃላችሁ!"

"ቁም ሣጥን አይገደልም፣ እትዬ" አልኩ ከሥር። "በሩን ነቅሎ ማለፍ ነው።"

"አያችሁ፣ ይቺ ናት ክፉ!" አሉ እትዬ ደመናሽ ተደስተው።

በሮቹን ነቀልን፤ አንዱን በር እኔ፣ አንዱን እትዬ ደመናሽ፣ አንዱን የማናውቃቸው የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ ያዝን። ስንወጣ ደረጃው ይወርዳል፤ ስንወርድ ይወጣል። ዘዴው ሲገባን ወደ ኋላ እየሄድን አምስተኛ ፎቅ ደረስን። የጋሼ መብረቁ ሸሚዝ ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ ፊታቸው ግን እንደ ልጅ ፊት በርቷል። እኔም ደስ አለኝ። በሕልሜ እንኳ ወገቤ መታመሙ እየታወቀኝ ደስ አለኝ።

ሙሽራዋ በሯን ከፍታ ወጣች። በእጇ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛለች።

"ቤት ያለችው ይቺ ብቻ ናት፤ ተካፈሏት" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ፤ እናንተ ጎረቤቶቼ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?"

መጀመሪያ የሻለቃ ቆፈን ጆሮ ጠብ ጠብ አለ። ቀጥሎ ትከሻቸው። "እኔን ነው?" አሉ። "ጎረቤቴ ያለችው እኔን ነው?" ይህን ብለው ሙሉ በሙሉ ቀለጡና በደረጃው ቁልቁል ፈሰሱ።

"ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ከታች ተሰማ። በሮች ተበረገዱ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የሕፃን ገንዳውን ይዞ ወጣ። ከአንዱ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ የሻለቃው ድምፅ ይሰማል፦ "ቀስ! አትጋፉ! ለሁላችሁም እደርሳለሁ!" እንደዚያ የረካ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እልልታው ሳያልቅ አህያው ደረሰ። ክንዴን በጥርሱ ያዘና "ታስረሻል" አለኝ። "ሦስት የታወቁ ክፉዎችን አበላሽተሻል።"

ችሎቱ እዚያው ደረጃው ላይ ተሰየመ። ዳኛው ያ በር ላይ የተፈተሸው ጅብ ነው፤ አህያውን እየፈራ ከአጠገቡ ተቀምጧል። "ፍርዱ" አለ ጅቡ አህያውን በዓይኑ እየጠየቀ፣ "ጀግና ትሆናለች።"

ካባ አመጡ። ሰማያዊ፣ ጠባብ። ሰው በጮኸ ቁጥር መብረር፣ ከዚያ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ፤ ዕድሜ ልኬን!

"ማሩኝ!"

"አንድ የእውነት ክፉ ሐሳብ ካመጣሽ ትማሪያለሽ" አለ አህያው።

"ፀሐይን መስረቅ!"

"ተሰርቃ፣ ሰልችቷቸው መልሰዋታል።"

"ባሕሩን ማድረቅ!"

"ባሕር መቼ አለንና።"

ካባውን በአንገቴ አስገቡ። ያን ጊዜ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሳምንቱን ሙሉ የራቀኝ ሐሳብ መጣልኝ። ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፦

"ማንኛውም ባለጉዳይ ጉዳዩን ከመጀመሩ በፊት፣ ጉዳዩ ማለቁን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ!"

ጅቡ አፉን በመዳፉ ያዘ። እትዬ ደመናሽ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። የአህያው ዓይን እንባ ሞላ፤ ማጨብጨብ ጀመረ። ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው በረታ፣ በረታና ቀሰቀሰኝ።

መሥሪያ ቤቴ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ከምራቄ ጋር ጉንጬን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያጨበጭባል። ለካ የምሬን ጮኼያለሁ።

"ከጠዋት ጀምሮ ስንፈልገው የዋልነው ይሄን ነበር!" አሉ ኃላፊያችን አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው። "አገልግሎታችንን የሚያሻሽል፣ አጭር፣ ግልጽ።"

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ ተኝቼ..."

"ትሕትናዋስ!" አሉ። እንደገና ተጨበጨበ። ድምፅ ተሰጠ፤ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ከሰኞ ጀምሮ ይተገበራል ተባለ።

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ተመስገን አልኩ፤ አንድ ጤነኛ ሰው ተገኘ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ።

"ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው" አሉ። "ማስረጃው ግን በስንት ኮፒ ይሁን?"