የሳይክል ኮርቻ ያዦች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የአንድ ሳይክል ኮርቻ ለስንት ሰው እጅ ይበቃል?

በእኛ ሰፈር ከሴት መጀመሪያ ሳይክል የነዱት ነርሷ እትዬ አስካለ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደወላቸውን እያንቃጨሉ ከታቦር ተራራ ቁልቁል ሲወርዱ፣ እኛ ልጆች ለማየት ከየበሩ ብቅ እንል ነበር። ዛሬ ባጃጁ ሁሉ ክላክሱን ሲያምባርቅብኝ ያ ደወል ይናፍቀኛል።

ታዲያ አሁን በሰፈራችን ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሁሉ፣ «ሲለማመዱ ኮርቻውን ደግፌ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ» ይላል። ሁሉንም ካመንን ሳይክሏ አውቶቡስ ነበረች ማለት ነው!

ባለፈው የሴቶች ቀን እትዬ አስካለ በቀበሌው አዳራሽ ተሸለሙ። ኮርቻ ያዦቹም ተራ በተራ እየተነሱ ውለታቸውን አወሩ፤ አንዱማ በከዘራው ኮርቻ አያያዙን አሳየ። በመጨረሻ መድረክ መሪዋ፣ «እትዬ፣ እውነት እነዚህ ናቸው ያስተማሩዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አዎ ልጄ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሴት እንዴት ሳይክል ላይ ትወጣለች ብለው በድንጋይ ሲያባርሩኝ ነው ፍጥነት የተማርኩት።»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ማን ጀመረው ትላላችሁ? ኮርቻ ያዦቹ!