ያልፈላው ጠጅ

ይህን ማውራቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁና አስቀድሜ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ስሕተቱን ቢያወራ ያምርበታል፤ የእኔ ግን በስሕተት ተጀምሮ በቅጥፈት ያለቀ ነው።

እንደ ስኳር ምትክ ክኒን የሚገርመኝ ነገር የለም። ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ አንድ ስኒ ሻይ ግን ብቻዋን ታጣፍጣለች። ደም አትበጠብጥ፣ ጥርስ አትበላ! እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ዘመድ ስንቶቻችን አለን?

በኮሮናው ጊዜ ጆሃንስበርግ ላይ መጠጥ መሸጥ ተከልክሎ ነበር። ትሮይቪል በምንኖርበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የስኳር ሕመምተኛ አሉ። የወንድማቸውን መርዶ በስልክ ሰሙ። አውሮፕላን ቆሟል፤ ለቅሶ ደራሽም እንዳይመጣ መሰብሰብ ክልክል ነው። ሰው ሁሉ "እንኳን እናቴ ሞታ፣ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል" በሚልበት በዚያ ወቅት እሳቸው አላለቀሱም። በራቸውን ዘጉ። ደጃፋቸው ላይ የምናኖረው ሳህን ታጥቦ ይመለሳል፤ ቃል ግን አይመለስም።

እኔም በጥበቤ ተመክቼ፣ ጠጅ ጥዬ ላወጣቸው ቆረጥኩ። ለስኳር ሕመምተኛ ማር? በጭራሽ! ከጄፒ፣ ከሐበሾች ገበያ፣ ጌሾ ገዛሁ፤ በማሩ ፋንታ ሁለት ብልቃጥ ክኒን በጠበጥኩ፤ ለመልኩ እርድ ጣል አደረግሁ። ከዚያ በራቸውን አንኳኩቼ፣ "ጋሽዬ፣ ለእርስዎ የሚስማማ ጠጅ ጥያለሁ" አልኩ። ከስንት ቀን በኋላ ድምፃቸው ተሰማ፤ "መቼ ይደርሳል?"

ሳምንት አለፈ፣ አልፈላም። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮዬን ባልዲው ላይ ደቅኜ አዳመጥኩ፤ ጭጭ። ምሥጢሩን የፈታችልኝ የግቢያችን ልጅ አስቴር ናት፤ አሌክሳንድራ ሰፈር ሱቅ ያላት የሆሳዕና ልጅ፣ ጠጅ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ጴንጤ። ዳቦ ግን ትጋግራለች። የሠራሁትን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እርሾ እኮ ስኳር ካልበላ አይሠራም! ክኒንህ ምላስ ያታልላል እንጂ እርሾ አያታልልም። በረሃብ ፈጀኸው!" አለችኝ። ቀጥላም፣ "በል እልል በል፤ ጠጅህ ጌታን ተቀብሏል።"

ልደፋው ባልዲውን ሳነሳ የጋሽ ወርቁ በር ተከፈተ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። "ደረሰ አይደል?" አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ "ደረሰ" አልኩ።

አንዱን ጠርሙስ ጨልጠው፣ "ጉልበት አለው" አሉ። በሁለተኛው ስለ ወንድማቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንድ ጫማ በፈረቃ እየተጫሙ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ተንሰቀሰቁ። እኛም አብረን አለቀስን፤ የአስቴር ማስክ እስኪረጥብ። ኋላ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "አትታዘቡኝ ልጆቼ፤ መጠጡ ነው" አሉ። ዋሽታ የማታውቀው አስቴር፣ "ኃይለኛ ነው ጋሽዬ" አለች።

በማግስቱ ራሳቸውን በሻርፕ ጠፍረው ወጡና፣ "ምን ዓይነት ጠጅ ነው! አናቴን ፈለጠኝ" አሉኝ። ዛሬም በዕድሜያቸው እንደዚያ ያሰከራቸው መጠጥ እንደሌለ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ።

ስለዚህ አደራ፣ ከእናንተ አይለፍ። ሰውየው ያን ቀን ያለቀሱት በደህና አእምሯቸው መሆኑን እስካሁን አያውቁም።