ፕሮፌሰር ኦጉንዲራንን ለማሳረፍ

«ደከመኝ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰውነትን አሠራር ለምናስተምረው ለእኛ የደረሱን ክቡር አለቃ ፕሮፌሰር ኦጉንዲራን ነበሩ።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት በእንቁራሪትና በጉርጥ ጡንቻ ላይ ነው። ከጉርጥ የተወሰደው የባት ጡንቻ ከቀጭን ዘንግ ጋር ታስሮ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፤ በተኮማተረ ቁጥር ዘንጉ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ መስመር ይጭራል። መስመሩ እያጠረ ሄዶ ጡንቻው ዝም ሊል ሲል፣ ፕሮፌሰሩ ሰውነት ሲፈራ የሚያመነጨውን አድሬናሊን ጠብ ያደርጉበታል። መስመሩ እንደገና ይረዝማል።

«አያችሁ? ሰነፍ እንጂ ደካማ የለም!» ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ መልሶ ሲያጥር ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረዋል።

ይህ ሕጋቸው ለሁሉም ይሠራ ነበር። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋ መምህር ጆሮው ሥር ጠረጴዛ ይደበደብበታል። አሮጌ መኪናቸው መንገድ ላይ ስትቆም ኮፈኗን ከፍተው ሲቆጧት በዓይኔ አይቻለሁ። ተነሣች፤ ቦዲጃ ገበያ አድርሳን ደግሞ ቆመች። እኔንም ወባ ጥሎኝ ሳለ ደውለው፣ «አንተ ኮላዴ፣ ፈተናውን የሚያርመው ወባህ ነው?» ብለውኛል። ተነሥቼ አረምኩ።

ቤተ ሙከራችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ በየመታጠፊያው ቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሲያነቡ ትጋት ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው፣ በልጃቸው ስም ማማ ዶቱን የምንላቸው፣ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ባባ ዶቱን ልባቸውን ታመዋል። ሐኪሙ ደረጃ አይውጡ ብሏል። እኔን እንደሆነ አይሰሙኝም፤ እናንተ አንድ ነገር አድርጉ እንጂ!»

በእኛ በዮሩባዎች ዘንድ ደግሞ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «ደክመዋል» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ጣሪያው ያፈሳል ብለን፣ በዕረፍቱ ሳምንት ቤተ ሙከራውን ወደ ምድር ቤት አወረድነው። በብልሃታችን ተደስተን ተጨባበጥን።

ትምህርት በተጀመረ ዕለት ፕሮፌሰሩ ቀጥታ ወደ ላይ ወጡ። ተከተልኳቸው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ባዶው ክፍል መሐል ቆመው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ደህና» አሉ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ስብሰባ ተቀምጣችሁ ደካማ አላችሁኝ ማለት ነው።»

ወርደው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

አሁን የትምህርት ክፍላችን ሰላም ነው። ሁሉም በሰዓቱ ይወጣል፤ ስብሰባ ላይ ያሻው ያንቀላፋል። ይህ ሰላም ግን አልጣመኝም። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ፣ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደ ወጋችን መሬት ተደፍቼ እጅ ነሣሁ።

«ባባ፣ ይመለሱልን። የሚወጡት ደረጃ እኮ የለም፤ መኪናዎ በሩ ድረስ ይገባል።»

«ኮላዴ፣ ጠዋት ጠዋት ያን ደረጃ ገና ሳየው ልቤ በፍርሃት ይዘል ነበር» አሉኝ፣ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ። «ቀኑን ሙሉ የሚያቆመኝ እሱ ነበር። አሁን ምን ያስፈራኛል?»

ምነው ቤተ ሙከራውን ባልነካነው ብዬ ተጸጸትኩ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ በሆነ ነገር እንዲቆጡኝ እስኪመሽ ጠበቅኩ። አልተቆጡኝም።