መንግሥት ዓይን ሲያበራ

የመንግሥት ዌብሳይት የሚሠሩ ሰዎች ዓይነ ስውር አይተው አያውቁም! ዓይን ያለው ሰው ማየታቸውንም እጠራጠራለሁ። አላመናችሁኝም? እንግዲያው ጋሼ ታደሰን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሼ ታደሰ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ ናቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደው ቆየ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ላይ ናቸው። ጋሼ በየቅዳሜው ለአካል ጉዳተኞች በተመደበ ቫን ይሄዱና የሚስታቸውን እጅ ይዘው ሲያወሩ ይውላሉ። በቫኑ የመጓዝ ፈቃዳቸው ሊያልቅ ሲል ታዲያ «በአዲሱ ዌብሳይታችን ብቻ ያድሱ» ተባሉ።

ዌብሳይቱ አናቱ ላይ «ለሁሉም ተደራሽ ነን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ማስታወቂያው ግን ፎቶ ነው! ለጋሼ የሚያነብላቸው ስልክ እዚያ ሲደርስ «ኢሜጅ» ብሎ ያልፈዋል... ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከዚያ በኋላ ያለው ስም የለሽ የመጫኛ ቁልፍ ሁሉ «በተን... በተን... በተን...» ነው።

«ይኼ ሰውዬ በትን በትን ይለኛል፤ ምን አለኝና ነው የምበትነው?» አሉኝ ጋሼ።

ታክሲ ነጂዎች የሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ምሳ ልጋብዛቸው ወስጄ እዚያው ላፕቶፔን ከፈትኩ። መቼም እኛ ሐበሾች ዘንድ አንድ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ ከተከዘ ጉዳዩ የሁሉም ነው። ከየጠረጴዛው እየተነሱ ከበቡን።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ፤ ዜብራ ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ» ይላል። ልብ በሉ፣ ፎርሙ የማያዩ ሰዎች ፎርም ነው! «ማየት ካልቻሉ ያዳምጡ» የሚለውን ብነካው ዓሣ ሲጠበስ የሚሰማ ዓይነት ጩኸት ለቀቀብን። ወደ ሥዕሉ ተመለስን።

«ይቺ ዜብራ ናት፣ ክሊክ አድርጋት!» አለ ጌታሁን የሚባለው ነጂ።

«የፓርኪንግ መስመር ናት እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼ ዜብራ ልታስተምረኝ ነው?» አለ ሌላው ነጂ።

«ባለፈው የቅጣት ትኬት ያስቆረጠህ ዜብራ አልነበር እንዴ?» አለው ጌታሁን።

ጋሼ በመሃል ተቀምጠው እንጀራቸውን ይቆርሳሉ። «ድምፅ ስጡበትና ገላግሉኝ» አሉ። ድምፅ ሰጠን፤ ወደቅን። ደግመን ሰጠን፤ ወደቅን። እንደምንም አለፍን ስንል አንድ ጥያቄ መጣ፤ «ፎርሙን ሲሞሉ የረዳዎት ሰው አለ? ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ይጻፉ።»

ያ ሁሉ ዳኛ ዓይኑን ከላፕቶፑ ነቀለ!

«ስም? ለመንግሥት?» አለ ጌታሁን ወደ ወንበሩ እያፈገፈገ። «በቀበሌ ጊዜ ስሙን ያስመዘገበ ምን እንዳገኘው ረሳችሁት?» ሁሉም ክትፎው ትዝ አለው።

«ተዉ ልጆቼ፣ እናንተንስ ለመዝገብ አልሰጥም» አሉ ጋሼ። «‹ማንም አልረዳኝም› በልልኝ።» እኔም አልኩላቸው።

መልሱ በኢሜይል መጣ። እሱም የደብዳቤ ፎቶ ነው! ስልካቸው «ኢሜጅ» ብሎ ስለዘጋባቸው እኔው አነበብኩት፤ «የሥዕል ፈተናውን ያለ ሰው ርዳታ ስላለፉ፣ የማየት ችሎታዎ ዳግም እስኪመረመር ድረስ አገልግሎቱ ቆሟል።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው! ሥዕሉን የደቀነው ማን ሆነና? ቤተ ክርስቲያናችን ስንት ጾም ጸሎት የያዘችለትን ዓይን፣ መንግሥት በአንድ ክሊክ አበራው! ደሜ ፈላ። ቢሮው ደወልኩ።

«ይግባኝ በዌብሳይቱ ብቻ ነው» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ሰውዬው አያዩም እኮ!»

«እንግዲያው የሚያይ ሰው ይርዳቸው።»

«እኔ ነኝ የረዳኋቸው፤ ስሜን ጻፊ!» አልኩና እስከ አያቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ፎርሙ ላይ ለምን አልተጻፈም? እንደ አዲስ ያመልክቱና ይጠብቁ» ብላ ዘጋችው።

ጌታሁን ሰምቶ «ቅዳሜ እኔ አደርስዎታለሁ» ሲል መጣ። ጋሼ እምቢ አሉ። «ቅዳሜ ገበያችሁ ነው። የልጆቻችሁን ጉሮሮ ዘግቼ ሚስት አልጠይቅም። መብቴን ይመልሱልኝና በመብቴ እሄዳለሁ።» ብንለምን፣ ብናስለምን ወይ ፍንክች! እኔም የቅዳሜ ሥራ አለብኝ። ተናደድኩ፤ በእሳቸውም ጭምር።

ከዚያ ቤታቸው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው እትዬ ዘነበች ዘንድ ደወሉ።

«ዘነቡ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ዓይንህ በርቷል ብሎኛል መንግሥት። ቅዳሜ ግን መምጣት አልችልም።»

የእትዬ ዘነበች ድምፅ በስልኩ ተሰማ፤ «እንኳንም አልመጣህ! ይኼን ፊቴን አንዴ ካየኸው ደግመህም አትመጣ።»

ጋሼ ሳቁ። ስልኩን ዘግተውም ሳቁ። ከዚያ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁና እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔማ ወዲያው ዞር ብዬ በሩን ዘጋሁ። ምን ይታወቃል... እንባውን ዓይናቸው ለመሥራቱ ማስረጃ ብለው ይይዙባቸው ይሆናል!